ጎዶሎው ግፊት

የዕለቱ አየር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነበበ። ከሃያኛው እርከን በታች ያሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ወጥ መሥራት ይችላሉ፤ ከሃያኛው በላይ ያሉ የቀዘቀዘ ይበላሉ። ልብስ መተኮስ ለሐሙስ ተላልፏል። ደረጃ ላይ መሮጥ፣ መተላለፊያ ላይ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መቆም፣ ጮክ ብሎ መጣላት ክልክል ነው። መጣላት የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መጣላት ይችላል፤ እዚያ የሚከለክለው የለም፤ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚችለውም የለም።

ከተማዋ በምሥራቁ ቆላ ወደ ታች የተሠራች ናት። በመዝገብ ረጅም ስም አላት፤ ነዋሪዋ ግን ምድር ቤት ይላታል። አንደኛው እርከን ከፀሐዩ ሥር ነው፣ ሠላሳ አምስተኛው ከሁሉም በታች። ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፣ ሙቅ አየር ይወጣል፤ ስለዚህ ያለው ታች ይኖራል፣ የሌለው ላይ። «ከፍ ከፍ ያድርግህ» ብሎ ሰው መመረቅ በምድር ቤት ስድብ ከሆነ ሰንብቷል።

ትርንጎ ይመኑና እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚኖሩት ሦስተኛው እርከን ላይ ነው። ሙቀቱ ማለዳ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ቀትር ላይ አርባ አንድ ይደርሳል። የሚተኙት እርጥብ አንሶላ ላይ ነው። አንሶላው ሲደርቅ ይነቃሉ፣ አርጥበውት ተመልሰው ይተኛሉ። አመለወርቅ በዚህ ሙቀት ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ከለበሰች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ዛሬ ፊትሽ ሌላ ነው» አለቻት ልጇን፣ የቀዘቀዘውን ቂጣ እየቆረሰች።

«የበር ፈተና አለ እማዬ። አዲሱ እርከን፣ ሠላሳ ስድስተኛው።»

«ማነው ውስጥ የሚቀመጥ?»

«ጋሽ ሲራክ።»

«እሱማ ይቀመጣል። ጋዜጣውን ይዞ፣ እግሩን አጣምሮ ይቀመጣል።»

ትርንጎ ቂጣውን ተቀበለች። ከዚያ፣ መልሱን እያወቀችው፣ «ከልሽን የምታወልቂው መቼ ነው?» አለቻት።

«ስንቴ ልንገርሽ? ለአባትሽ ሰው ሲቀመጥለት ነዋ። ያልተለቀሰለት ሰው ገና አልተቀበረም።»

አባቷ ይመኑ የሃያ ስምንተኛው እርከን የዕድር ዳኛ ነበር። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሞተውበት ዕድርተኛውን አዳራሽ ውስጥ ለለቅሶ ሰበሰበ። ያኔ አዳራሽ ውስጥ ከአርባ ሰው በላይ አይግባ የሚለው ገደብ አልነበረም፤ ሰባ ሰው ሳይገባ አይቀርም። ከቀትር በኋላ በሩ ተቆለፈና አልከፈት አለ። ሙቅ አየር መውጫ አጣ። ይመኑ የግድግዳውን መነጋገሪያ ይዞ የአየር ጽሕፈት ቤቱን ሲለምን «በሩ ልክ ነው፤ እናንተ ብዛታችሁን ቀንሱ» አሉት። በተቆለፈ በር ውስጥ ያለ ሰው ብዛቱን እንዴት እንደሚቀንስ የነገረው የለም። በሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲከፈት ሠላሳ አራት ሰው ሞቷል። ይመኑም አንዱ ነው።

ሪፖርቱን የጻፈው የአየር ስሌት ኃላፊው ኢንጂነር ሲራክ ወልደሰንበት ነበር። ስድስት ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ መስመር ነው፦ የሰው ሙቀት ግፊቱን ጨምሮ በሩን ቆልፏል፤ ሰዉን የሰበሰበው የዕድሩ ዳኛ ነው። ዕድሩ የገዛ ዳኛውን ስም ፋቀ። ለሠላሳ ሦስቱ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ለእሱ አልተቀመጡም። አብረውት በልተው የጠጡ ሰዎች በእነ ትርንጎ ደጅ ሲያልፉ ምራቃቸውን እየተፉ አለፉ። በወሩ፣ ሕጉ የሙቀት ጥፋተኛን ቤተሰብ ወደ ላይ ያወጣልና፣ እናትና ልጅ ዕቃቸውን ተሸክመው ሃያ አምስት እርከን ሽቅብ ወጡ።

ትርንጎን ኋላ የቀጠራት ራሱ ሲራክ ነው። ደግ ሰው መባል ይወዳል። ሠራተኛውን ሰብስቦ ትከሻዋን ይዞ «የአባት ጥፋት በልጅ አይታይም። አባቷ ያበላሸውን እሷ ታቃናዋለች» አለ። ተጨበጨበለት። እሷም ጥርሷን ነክሳ «አመሰግናለሁ ጋሽ ሲራክ» አለች። ያቺን ምስጋና ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፏ አጥባ ልታስወጣት አልቻለችም።

በሦስተኛ ዓመቷ ማኅደር ስታገላብጥ ነው ነገሩን ያገኘችው።

የጽሕፈት ቤቱ ሶፍትዌር ሁለት ግፊት ይይዛል። አንዱ ሙሉው ነው፤ ከላይ የተከመረውን አየር ክብደት ጨምሮ የሰው ጆሮ ላይ የሚያርፈው። ሌላው ያ ክብደት ተቀንሶለት የሚቀረው ነው፤ ሠራተኛው ጎዶሎው ይለዋል። ሙቅ አየር እንዴት ሽቅብ፣ ቀዝቃዛው እንዴት ቁልቁል እንደሚሄድ ለማስላት ጎዶሎው ይመቻል፤ ስሌቱ ሳይናወጥ ያልቃል። በር ግን እንዲህ ያለ ቅነሳ አያውቅም። በር ከስሌቱ የመጣለትን የማዶውን ግፊት፣ ክፍሉ ውስጥ ከተለካው ሙሉ ግፊት ጋር ያስተያያል፤ ከተዘጋ በኋላ ልዩነቱ ከበዛ ይቆለፋል። የከፍታው ዜሮ ያለው አንደኛው እርከን ላይ ስለሆነ እዚያ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይራራቃሉ። ለበር በስህተት ጎዶሎው ቢሰጠው ላይ ያለ ሰው ምንም አይታወቀውም። ሃያ ስምንተኛው ላይ ግን በሩ ከወዲያ ማዶ ማዕበል የቆመ መስሎት ጥርቅም ይላል።

አደጋው በደረሰበት ዕለት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ አዲስ የሶፍትዌር ዕትም ከታችኞቹ እርከኖች ሁሉ ቀድሞ ሃያ ስምንተኛው ላይ ገብቶ ነበር። በሮቹ የተፈተኑት አንደኛው እርከን ላይ ነው፤ ማን ሃያ ስምንት እርከን ይወርዳል ብለው። ትርንጎ የዚያን ቀን ፋይል ከፈተችና የግፊት ገጹን ሰባተኛ መስመር አነበበች። ለበር የሚሰጠው፦ ጎዶሎው። ግርጌው ላይ የሲራክ ስም አለ። የማግስቱን ፋይል ከፈተች። ለበር የሚሰጠው፦ ሙሉው። በሁለቱ መካከል አንድም ማስታወሻ የለም። ነውሩን ከአደጋው በኋላ አይቶ ሹክክ ብሎ አስተካክሎ፣ እዳሪውን በሞተ ሰው ላይ ደፍቶት ሄዷል ማለት ነው።

ለምክር ቤቱ ልታመለክት ትችል ነበር። ምክር ቤቱ አየር የሚል ቃል ያለበትን ማመልከቻ ሁሉ ለአስተያየት የሚልከው ለአየር ስሌት ኃላፊው ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ተወችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷም አልረሳችም፤ ቂሟን ይዛ በየማለዳው «እንደምን አደሩ ጋሽ ሲራክ» እያለች አራት ዓመት ጠበቀች።

ከአደጋው በኋላ ሲራክ ሁለት ደንብ አውጥቶ ተሸልሟል። የመጀመሪያው «የፈረመ ይቀመጣል» ይባላል። ስሌቱን የፈረመ ኢንጂነር፣ በሩ በሚፈተንበት ቀን፣ የአርባ ሰው ሙቀት በሚተፉ ማሞቂያዎች መካከል ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ በር እምቢ ቢል ምክንያቱ ሳይመዘገብ የእጅ መክፈቻው አይነካም ይላል። ይህን ያወጣው ሰው እየደነገጠ በር ይሰብራል ብሎ ነው።

በጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ፋይል ከባዶ የሚጀምር ሰው የለም። ሁሉም የአሮጌ ሥራ አቃፊ ቀድቶ፣ የእርከኑን ቁጥር ቀይሮ ይቀጥላል። ሲራክ ራሱ ያስተማራቸው ነው፤ «የተፈተነ ነገር እያለ ምን ያደክማችኋል» ይል ነበር። የሠላሳ ስድስተኛው እርከን ሥራ ለትርንጎ ሲሰጣት እሷም አሮጌ አቃፊ ቀዳች። የሰባ አራቱን፣ የኅዳር ሃያ ሁለቱን። የእርከኑን ቁጥር ቀየረች። ሰባተኛውን መስመር አልነካችም፤ ግርጌውም እንዳለ ቀረ።

ለፊርማ ስታቀርብለት ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቱም በጽሑፍ ተመዝግቧል።

«ጋሽ ሲራክ፣ የግፊት ገጹን ቢያዩልኝ።»

«አንቺ አይተሽዋል አይደል?»

«እርስዎ ቢያዩት ደስ ይለኛል።»

«ትርንጎዬ፣ ጥርጣሬ ከአባትሽ የወረስሽው አይመስለኝም፤ እሱ ቢጠራጠር ኖሮ እዚያ ሁሉ ሰው አይሰበስብም ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ግርጌውንም ቢያነቡት።»

ፈረመ። ያን ጊዜ የቀረቻት ትንሽ ርኅራኄ ካለች እሷም ወጣች። ገጹን ገልጦ ቢያይ ኖሮ አለመፈረም ይችል ነበር፤ ለምን እንደማይፈርም ግን በደንቡ መጻፍ ነበረበት። ሳያይ መፈረምን መርጧል።

ፈተናው ስድስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሠላሳ ስድስተኛው እርከን አዲስ ስለሆነ የሲሚንቶ ሽታው አልለቀቀም። ከበሩ ውጭ ትርንጎና የበር ሠራተኛው ያዮ የውስጡን በሚያሳይ መስታወት ፊት ቆመዋል። ያዮ የቆላው ተወላጅ ነው፤ ከተማዋ ስትቆፈር አባቱ አፈር አውጥቷል። ሲራክ ጋዜጣውን ይዞ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣመረ። የበር ፈተና በሕግ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይተላለፋል። የሚያየው ግን የለም፤ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ማየት ማንን ያዝናናል?

በሃያኛው ደቂቃ ሲራክ ተነስቶ የመክፈቻውን ቁልፍ ተጫነ። በሩ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ተጫነ።

«በሩ እምቢ ብሏል» አለ በመነጋገሪያው።

«ምክንያት ልመዝግብ ጋሽ ሲራክ። ምን ልበል?»

«የልኬት መሣሪያው ይሆናል።»

«ጠዋት ተፈትሿል፤ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ማሞቂያዎቹ በዝተው ነው። አጥፊያቸው።»

«በደንቡ ምክንያት ሳይመዘገብ አይነኩም። እርስዎ ነዎት ያወጡት።»

ውስጥ ሙቀቱ አርባ ሦስት ሆነ። ሲራክ ኮቱን አወለቀ፣ ከራቫቱን ፈታ። ጋዜጣው መሬት ላይ ወድቋል። ያዮ የእጅ መክፈቻውን ማኅተም ሊበጥስ እጁን ሲሰድ ትርንጎ ያዘችው።

«ትርንጎ፣ ሰውዬው ይሞትብናል!»

«ምክንያቱን ይናገርና እከፍታለሁ። የማውቀውን እኔ ልናገርለት አልችልም።»

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ቆይ ያዮ። ስማው።»

«የክፍሉ ሙቀት ነው» አለ ሲራክ፤ ድምፁ መሳሳት ጀምሯል። «ሙቀቱ ግፊቱን ጨምሮታል፤ እሱ ነው በሩን የቆለፈው። ይኼንን ጻፊ።»

ትርንጎ ይቺን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ዓመት በቃሏ ይዛታለች።

«እጽፋለሁ። ግን ሙቀቱ ከሆነ የቆለፈው፣ ጥፋቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ጥፋተኛው ኢንጂነር ሲራክ ወልደሰንበት ነው ብዬ ልጻፍ? ቤተሰብዎም ወደ ላይ ይውጣ?»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ሰፋሪው ግን ቁናው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚያየው ውስጡ ሲገባ ነው። ሲራክ ግድግዳው ላይ ወዳለው የኮምፒውተር መስኮት ተጠግቶ ፋይሉን ከፈተ። ገጹን ሲገልጥ፣ ጣቱ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲቆም አዩት። ግርጌውን ሲያነብ ደግሞ ወንበሩን ያዘ።

«ትርንጎ» አለ። «ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ምክንያቱ ጋሽ ሲራክ። አርባ አምስት ገብቷል።»

«ግፊቱ ነው። ለበሩ ጎዶሎው ነው የተሰጠው። ሙሉው ነበር መሰጠት ያለበት።»

«ፋይሉ የማን ነው? ግርጌውን ያንብቡልን።»

«ኅዳር ሃያ ሁለት... ሰባ አራት። ያዘጋጀው ሲራክ ወልደሰንበት።»

«ያን ዕለት የሃያ ስምንተኛውን በር የቆለፈው ምን ነበር?»

«ይኸው መስመር።»

«የሰው ሙቀት አይደለም?»

«አይደለም። አባትሽ ምንም አላጠፋም። ክፈችልኝ ልጄ።»

እዚህ ላይ ልትከፍት ነበር። የፈለገችው ይኼ ነው፤ እጇም መክፈቻው ላይ አርፏል። ግን እንዲያው መዝገቡ እንዲሞላ ያህል አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«ስህተቱን ያወቁት በስንት ሰዓት ነው?»

ላብ ከሲራክ አገጭ እየተንጠባጠበ መስኮቱ ላይ ያርፋል። ሲናገር ሰው ያለ ሳይመስለው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ።»

ያዮ ወደ ትርንጎ ዞረ። በሩ የተከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሆኑን በምድር ቤት የማያውቅ የለም፤ በየዓመቱ በዚያች ሰዓት ደወል ይደወላል።

«ስምንት ከሩብ» አለች ትርንጎ። «ከዚያ እስከ ዘጠኝ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ፋይሉን... መጀመሪያ ፋይሉ እንዳይታይ... የምክር ቤቱ ሰዎች ቢሯችን ነበሩ። እነሱ እስኪወጡ ነው። ሁሉም ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። አባትሽ በመነጋገሪያው ሲጮህ እኔ ነበርኩ የምመልስለት። በሩ ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ይህን አታውቅም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያወቀችው፣ ሲራክ ከሬሳ በኋላ የዋሸ ሰው መሆኑን ነው። ሰው በሕይወት እያለ፣ አባቷ እየለመነው፣ አርባ አምስት ደቂቃ እንግዳ መሸኘቱን አታውቅም። እጇ ከመክፈቻው ላይ ወረደ። አርባ ስድስት ሆነ። ሲራክ መሬት ላይ ተቀምጦ አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል።

«ተይው» አለ ያዮ ቀስ ብሎ፤ ቅድም የነበረው ያዮ አልመሰለም። «የኔ አክስት እዚያ ነበረች። ተይው፤ እኔም አላየሁም እላለሁ።»

ልትተወው ፈለገች። ይህን ኋላም አልደበቀችም፤ ምክር ቤቱ ሲጠይቃት ቃል በቃል ተናግራዋለች። ከዚያ ግን ነገ ታያት። እዚህ ቢሞት ነገ ለቅሶ ይቀመጡለታል። አርባ አርባ ሆነው በተራ ይገባሉ፤ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ «ስህተቱን ተናዝዞ ሞተ፣ ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ሰው አይዞሽ ይላታል። አባቷ ያላገኘውን ሁሉ በአንድ ቀን ያገኛል።

«ሞትማ ለሱ ያንሰዋል» አለች። ማኅተሙን በጠሰችና መክፈቻውን ጎተተችው።

ሲራክ በእጁ እየዳኸ ወጣ። በሩ እምቢ ማለቱ ሲወራ ሰው ሁሉ ወደየግድግዳው ዞሮ የተባለውን ሰምቶ፣ በየእርከኑ ወደ መተላለፊያው ፈሶ ነበር፤ ከአራት በላይ፣ ከአርባ በላይ ሆኖ ይጮሃል። የዕለቱ አየር ሦስት ቀን ተበላሸ፤ የከሰሳቸው ግን የለም።

ምክር ቤቱ ፊርማውን አየ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች አነበበ፣ ትርንጎን በደንቡ መሠረት ሠርታለች ብሎ ለቀቃት። ሲራክን ወደ ሁለተኛው እርከን አወጡት። ሚስቱ ፈታችውና አብራው አልወጣችም። ሲያልፍ ሰው ፊቱን ያዞርበታል፣ ዕድሩም ስሙን ፍቆታል፤ ሰላም የሚለው የለም። ትርንጎ ከሱ አንድ እርከን በታች ሆና፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላውን ለማርጠብ ቧንቧ ሲከፍት ትሰማዋለች፤ ይህ ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቱንም አልተናዘዘችበትም።

በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ የዕድር ዳኛ ከአምስት ሽማግሌ ጋር ሦስተኛው እርከን መጣና ከወይዘሮ አመለወርቅ እግር ወደቀ። ለይመኑ ለቅሶ ሊቀመጥ ነው። የሃያ ስምንተኛው አዳራሽ ተጠረገ፣ ወንበር ተደረደረ። ሰው አርባ አርባ እየሆነ በተራ ገባ። በደጃቸው ምራቁን ይተፋ የነበረ ሁሉ ደረቱን እየመታ መጣ፤ አንዳንዱ እውነቱን ነበር፣ አንዳንዱ ጎረቤት እንዳያማው ነው። አመለወርቅ ሁሉንም ተቀበለች። ትርንጎ በር ላይ ቆማ ሰው ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ከበሩ በላይ በቀይ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲራክ መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ሃያ ስድስት እርከን በእግሩ ወርዶ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«እናትሽን ይቅርታ ልበል» አለ። «ለይመኑም አንድ ጊዜ ልቀመጥ። ሌላ ነገር አልለምንሽም።»

ትርንጎ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

«ቁጥሩ ሞልቷል» አለችው።

ሲራክ ቀና ብሎ ከበሩ በላይ ያለውን ቀዩን ቁጥር አየ። ሠላሳ ስምንት ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ እሷም አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ዞሮ ደረጃውን ሽቅብ ጀመረ፤ በየሁለት እርከኑ እየቆመ።

እሷም በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ከእናቷ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

«ማን ነበር?» አለች አመለወርቅ።

«ማንም።»

እናቷ ለአፍታ አየቻት። ሰውየውን በበሩ ክፍተት አይታው ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለችና ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች።